ባዶ ጀሪካን እንደ ሙሉ መሸከም፦ ቴአትርና «ምረጡኝ» ድሬ ላይ

ነገሩን ከጀሪካኑ ልጀምርላችሁ።

የሆነ የምርጫ ሰሞን ነው፣ እኛ ሳቢያን አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ ልምምድ ላይ ነን። እኛ ስላችሁ ስምንት ዘጠኝ ምንሆን አማተሮች ነን፣ ቀን ባጃጅ ሚነዳ አለ፣ ታይዋን ሚባለው ገበያ ልብስ ምትሸጥ አለች፣ ኮሌጅ ሚማሩ ሁለት ልጆች አሉ፣ እኔ ደግሞ ቀን የሰው ሂሳብ ስሰራ እውልና ማታ አዘጋጅ ተብዬ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አንድ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ ትንሽ ሲያየን ቆየና «ሰው ያስፈልገኛል» አለ። ምን አይነት ሰው? ስንለው «ነዋሪ» አለን። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ አንድ እጩ ከነዋሪ ጋር ሲወያይ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ሊቀረፅ ነው፣ እውነተኛው ነዋሪ ደግሞ አስቸግሯቸዋል፣ አንዱ ካሜራ ሲያይ ይርበተበታል፣ አንዷ ያልተጠየቀችውን ታነሳለች፣ አንዱ ጭራሽ የዛሬ አምስት አመት ቃል የተገባለትን መንገድ ይጠይቃል፣ ስለዚ ነዋሪ ሚሆኑ ልጆች ፈለጉ። አበል አለው፣ ምሳም አለው።

አላንገራገርንም፣ እውነቱን ልናገር። አቦ ለአማተር አበል ማለት ምን እንደሆነ ሚያውቀው አማተር ብቻ ነው፣ እኛ የራሳችንን ቴአትር ለማሳየት ለባነሩም ለጄኔሬተሩም ከኪሳችን ነው ምናዋጣው። በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ሳትከር ገንደ ቆሬ ሄድን። ታይዋን ልብስ ምትሸጠው ልጅ እናት ሆነች፣ ሀያ ስድስት አመቷ ነው፣ ነጠላ አከናንበው ቢጫውን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አስያዟት። ጀሪካኑ ባዶ ነው፣ ምክንያቱም ቀረፃው አራት አምስቴ ሊደገም ይችላል፣ ማን ሙሉውን ሲያመላልስ ይውላል። እጩው ከወዲያ ይመጣል፣ ያገኛታል፣ ጀሪካኑን ከእጇ ይቀበላታል፣ «እናቴ፣ ይሄ መከራ ያበቃል» ይላል። በቃ ይሄ ነው።

አራተኛው ላይ ነበርን መሰለኝ፣ አንዲት እማማ በራቸው ላይ ከሰል እያራገቡ ያዩን ነበር፣ ማራገቢያቸውን አቁመው «አንቺ ልጅ፣ ጀሪካኑ ባዶ ነው አይደል?» አሏት። ልጅቷ ዝም። «ውሃ የያዘ ሰው እንዲ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ትከሻሽ እኮ አልወረደም» ብለው ማራገባቸውን ቀጠሉ። ሰፈሩ ሳቀ፣ እኛም ሳቅን፣ ካሜራ ማኑ ግን «ቪዲዮ ላይ አይታወቅም» አለ፣ እውነቱን ነው፣ አልታወቀም። ቪዲዮው ወጣ፣ ሰው ወደደው፣ እኛም አበላችንን በላን።

ከዛ በኋላ ግን ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ፣ ምክንያቱም እኛ ስራችን ማስመሰል ነው፣ በየሳምንቱ ያልሆነውን ሆነን መድረክ ላይ እንወጣለን፣ ማንም ውሸታም ብሎን አያውቅም። ታዲያ ያን ቀን ያደረግነው ለምን ውሸት ሆነ? ልጅቷ ያው ልጅ ናት፣ ጀሪካኑ ያው ጀሪካን ነው። ስለ ምርጫ ቅስቀሳና ሀቀኝነት ሲወራ አብዛኛው ሰው «ፖለቲከኛ ሁሉ ተዋናይ ነው» ብሎ ይዘጋዋል፣ ይሄ አባባል ለኛ ለተዋናዮቹ ስድብ ከመሆኑም በላይ ነገሩን ያድበሰብሰዋል፣ ስለዚ እንደገባኝ ላብራራው።

ቴአትር ውስጥ ስምምነት አለ። ትኬት ስትቆርጡ፣ መብራቱ ሲጠፋ፣ መጋረጃው ሲከፈት «አሁን ልናስመስል ነው» ተብላችኋል፣ እናንተም «እሺ አስመስሉ» ብላችሁ ተቀምጣችኋል። ንጉስ ሆኖ ሚጫወተው ልጅ ከመድረክ ወርዶ ባጃጅ ሲጠብቅ ማንም እጅ አይነሳውም። ሚያለቅሰው ልጅ በእውነት እያለቀሰ ሊሆን ይችላል (ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም) ግን ሬሳው ተነስቶ እንደሚያጨበጭብ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ማታለል ሚጀምረው ተመልካቹ ቴአትር ላይ እንደተቀመጠ ሳያውቅ ሲቀር ነው። ያ ቪዲዮ ላይ ከስር በትንሹ «ተዋናዮች የተሳተፉበት» ተብሎ ቢፃፍ ኖሮ ማስታወቂያ ይሆን ነበር፣ እንደ ሳሙና እንደ ዘይት ማስታወቂያ፣ ማንም አይከፋም። የተፃፈው ግን «እጩው ከነዋሪዎች ጋር ሲወያዩ» ነው። የጀሪካኑ ባዶነት አይደለም ጥፋቱ፣ «ነዋሪ» ሚለው ቃል ነው።

ደግሞ ፖለቲካና ቴአትር ሀገራችን ውስጥ ትናንት የተገናኙ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትራችን ሚባለው ፋቡላ፣ የዛሬ መቶ አመትና ከዛ በላይ በበጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም የተፃፈው፣ በእንስሳት እያሳበበ ሹማምንቱን የሸነቆጠ ነበር፣ ቤተመንግስቱን አስቆጥቶም ታግዷል። አሁን እዚህ ጋ ልብ በሉ፣ እኚሁ ሰውዬ ልጅነታቸውን ሐረር ከራስ መኮንን ዘንድ ያሳለፉ ናቸው፣ ከዛ ራሺያ ተምረው መጡ፣ በኋላ ደግሞ የ1923ቱን የመጀመሪያውን የፅሁፍ ህገ መንግስት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ህገ መንግስትና ኮሜዲ ከአንድ እጅ! እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ሰውየው ማስመሰል የቱ ጋ እንደሚያልቅና ህግ የቱ ጋ እንደሚጀምር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ወደኛ ከተማ ስንመጣ ደግሞ በ1950ዎቹ አፍረን ቀሎ ሚባለው የወጣቶች ቡድን እዚሁ ድሬ ተጀመረ፣ እነ አሊ ቢራ በልጅነታቸው የወጡበት፣ አማተሮች ነበሩ፣ ደሞዝ የለ ምን የለ፣ መንግስት ግን በኦሮምኛ መዘፈኑን እንደ ፖለቲካ አይቶት አላስቀመጣቸውም። ደርግ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ፣ ማገድ ቀርቶ ማዘዝ ሆነ፣ እያንዳንዱ ቀበሌ ኪነት ይኑረው ተባለ፣ የታላላቆቻችን ግማሹ ከበሮ የተማረው እዛ ነው፣ ግን ድርሰቱ ከላይ ሚመጣ ነበር። በኛ ጊዜ ደግሞ የፀረ ኤድስ ክበብ ጭውውት መጣ። እንግዲህ ኪነት ውስጥ የነበረ ሰው ሚነግራችሁ ነገር አለ፣ አዳራሹ ሲያጨበጭብ በግድ ይሁን በውድ መድረክ ላይ ሆኖ ይለያል፣ የግዱ ጭብጨባ እኩል ይጀምራል እኩል ያልቃል።

እሺ፣ ታዲያ ፖለቲከኛ ምንም ማስመሰል የለበትም ማለት ነው? አይደለም። ሰው ፊት ሚቆም ሰው ሁሉ ትንሽ ይጫወታል። እጩው በ35 ዲግሪ ሙቀት ሙሉ ሱፍ መልበሱ፣ ንግግሩን መስታወት ፊት መለማመዱ፣ ፈርቶ ያልፈራ መምሰሉ፣ ይሄ ሁሉ የተፈቀደ ነው፣ እኔ እንደውም ያልተለማመደ እጩ ያናድደኛል፣ ሰው ፀሐይ ላይ አቁሞ ወረቀት ሚያገላብጥ። ተዋናይ መሆንም ወንጀል አይደለም፣ አርቲስት ደበበ እሸቱ በ1997 ቅንጅት ሚባለው ተቃዋሚ ፓርቲ ውስጥ ነበሩ፣ ለዚያም ታስረዋል፣ ዩክሬንን ሚመሩት ዘለንስኪ ቴሌቪዥን ላይ ፕሬዝዳንት ሆነው ሲያስቁ ቆይተው ነው በፈረንጆቹ 2019 እውነተኛውን ወንበር የያዙት። መድረክ ሰውን ውሸታም አያደርግም።

ሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፣ ይሄን አማተር ሆኖ ላየ ሰው በጣም ግልፅ ነው። አንድ ጀማሪ ልጅ መድረክ ላይ የሆነ ቃል ሲናገር ህዝቡ ሳቀለት እንበል። ያልጠበቀው ሳቅ ነው። ልጁ ምን ያደርጋል መሰላችሁ፣ ከድርሰቱ ይወጣል፣ የራሱን ይጨምራል፣ ህዝቡ እንደገና ይስቃል፣ እንደገና ይጨምራል፣ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ እጄን እያወራጨሁ ነው፣ እሱ ግን አያየኝም፣ ተነስቷል በቃ፣ ቴአትሩ ሌላ ሆኖ ያልቃል። ብዙ የምረጡኝ ውሸት ሚወለደው እንደዚ ነው ባይ ነኝ። እጩው ከቤቱ ሲወጣ «ውሃ ላይ እንሰራለን» ሊል ነው። ይላል፣ ትንሽ ይጨበጨባል። «በአንድ አመት ውስጥ» ይጨምርበታል፣ ጭብጨባው ይደምቃል። ከኋላ አንዱ ያፏጫል፣ እሱም «በየቤታችሁ ሀያ አራት ሰአት!» ይላል፣ እልል ይባላል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ሞንታርቦው ጮሆለት ነው። ማኒፌስቶው ላይ ያልነበረ ነገር ሞንታርቦ ላይ የተወለደ ከሆነ እወቁት፣ የጭብጨባ ልጅ ነው። ስለዚ እኛ ተመልካቾቹም ንፁህ አይደለንም፣ እናጨበጭባለን እኮ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ቃሉ ባዶ ይሁን ሙሉ እንዴት ይታወቃል ሚለው። የእማማ አይን ያስፈልጋል፣ የሸክሙን ክብደት ማወቅ። ለዚህ ደግሞ ማን ምን ስልጣን እንዳለው ማወቅ ግድ ነው፣ አሰልቺ ነው አውቃለሁ፣ ግን ታገሱኝ።

ድሬ ክልል አይደለችም። ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግስት የሆነ የከተማ አስተዳደር ናት፣ ቻርተሯ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ነው የወጣው። የከተማዋ ምክር ቤት 189 ወንበር አለው፣ ከንቲባውን ሚመርጠው ይሄ ምክር ቤት ነው እንጂ እኔና እናንተ በቀጥታ አንመርጥም፣ ስለዚ ለምክር ቤት ሚወዳደር አንድ ሰው «እኔ ከንቲባ ስሆን» ብሎ ከጀመረ ገና ከበሩ ላይ የሌላውን 188 ሰው ድምፅ ለራሱ ሰጥቷል። ፓርላማ ደግሞ ሌላ ነው፣ 547 መቀመጫ ውስጥ የድሬ 2 ናቸው፣ የፓርላማ እጩ ህግ ሊያወጣ ነው ሚሄደው፣ የሰፈራችሁን ኮብልስቶን ሊያነጥፍ አይደለም።

ከዚህ ተነስታችሁ ቃሉን መዝኑት። መብራት አይጠፋም አለ? መብራት ፌዴራል ነው። ኬላ አስነሳለሁ፣ ታይዋን የሚገባውን እቃ ጉምሩክ አይነካውም አለ? ጉምሩክ ፌዴራል ነው (ይሄ ቃል ድሬ ላይ ከሌላው ሁሉ በላይ እንደሚጨበጨብለት ሳልናገር አላልፍም)። ባቡሩን ከተማ መሀል ወዳለው አሮጌ ጣቢያ፣ ወደ ለገሀር እመልሰዋለሁ አለ? የአሁኑ ባቡር የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ንብረት ነው፣ ስለዚ ሰውየው አዲስ አበባን ጨርሶ ጅቡቲንም ማሳመን አለበት፣ መልካም መንገድ። እነዚህ ናቸው ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሚባሉት። ውሸቱ «እፈልጋለሁ» ሚለው ላይ ሳይሆን «እችላለሁ» ሚለው ላይ ነው፣ ሰውየው ከልቡ ሊፈልግ ይችላል፣ አይችልም ብቻ።

በተቃራኒው ውሃ፣ ቆሻሻ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የባጃጅ ታሪፍ፣ የቀበሌ አገልግሎት፣ እነዚህ የከተማዋ ናቸው። እዚህ ላይ ነው እጩውን አጥብቆ መያዝ ሚገባው፣ ሚገርመው ግን እጩዎች እነዚህን በጥቅሉ ያልፏቸውና ስለ ጉምሩክና ባቡር ዘርዝረው ያወራሉ፣ ለምን ቢባል የራስህን ነገር ዘርዝረህ ካወራህ ትጠየቃለህ። የውሃችንን ነገር ታውቁታላችሁ፣ ካልሲየሙ ብዛቱ፣ ማንቆርቆሪያችሁን ገልብጣችሁ ብትመቱት ነጭ ድንጋይ ነው ሚረግፈው፣ ቧንቧውም ውስጥ እንደዛው ነው ሚጋገረው። «ውሃ አመጣለሁ» ያለ ሰው የጉድጓዱን ነገር ብቻ አውርቶ የተደፈነውን ቧንቧ ካላነሳ ወይ አያውቅም ወይ እናንተ ማታውቁ መስሎታል።

ሌላው ደግሞ የሰው ስራ መልበስ ነው። የመንግስት በጀት አመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል፣ የ2013ቱ ምርጫ ሰኔ 14 ነበር፣ ያው ወደ በጀት መዝጊያው ነው። ስለዚ ምርጫ ሲደርስ ሚመረቀው አስፋልት አብዛኛው ቢያንስ ያለፈው ሐምሌ ላይ የፀደቀ፣ በናንተው ግብር የተከፈለ ነው፣ ሪባኑን ሚቆርጠው ሰው ግን ከኪሱ ያወጣ ይመስላል፣ ፎቶው ላይ መቀሱን እንዴት እንደሚይዘው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሰው ወርቅ አያደምቅ ሚባለው እዚህ ጋ አይሰራም መሰለኝ፣ በጣም ያደምቃል። ጥያቄው አንድ ነው፣ ይሄ መቼ ፀደቀ? በቃ።

የደቻቱን ወንዝ ነገር ግን በነዚህ መሀል አልከተውም። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል፣ በየምርጫው ደቻቱን እንደ መግቢያ ዘፈን ሚጠቀሙበት ሰዎች አሉ፣ የህሊና ፀሎት አስደርገው ወዲያው ወደ ምልክታቸው ሚሄዱ። እሱን ሳይ ምን እንደምል አላውቅም፣ ቴአትር ውስጥ እንኳን ሬሳን ለማስጨብጨቢያ አንጠቀምበትም።

ድሬ ላይ ብቻ ያለ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ቋንቋ። ሌላ ከተማ ሁለት አይነት ቃል መግባት ይቻል ይሆናል፣ ለዚህ በዚህ ቋንቋ ለዛኛው በዛ ቋንቋ፣ እዚህ ግን አማርኛውም ኦሮምኛውም ሶማሊኛውም አንድ ሳምቡሳ ሻጭ አፍ ውስጥ ናቸው፣ አደርኛም ሚጨምር አለ። አንዴ አንድ እጩ ጠዋት መንገድ ዳር ለተቀመጡ ነጋዴዎች «ማንም አያነሳችሁም፣ እኔ አለሁ» ብሎ በአማርኛ ምሎ ሄደ። ከሰአት ዞሮ መጣና እዛው መንገድ ላይ ለባለሱቆቹ በሌላ ቋንቋ፣ መንገዱ እንደሚፀዳና ሱቃቸው ፊት ማንም እንደማይቀመጥ ነገራቸው። ሳምቡሳ ሻጩ ልጅ መሀል ላይ ቆሞ ነበር፣ ትሪውን እንደያዘ «ኧረ አቦ! ጠዋት ለኛ ያልከውን ለነሱም ተርጉምላቸው» አለው፣ እሱም በሁለቱም ቋንቋ ነው የጮኸው። እጩው ሳቀ፣ ውሃ ጠጣ፣ ርዕስ ቀየረ። እኔ ከዛ ወዲህ ምርጫ ሲመጣ ማደርገው አንድ ነገር ቢኖር ሌላ ቋንቋ ሚሰማ ጓደኛ ይዤ መሄድ ነው፣ ወይም ማታ ተገናኝተን «ለናንተ ምን አለ» መባባል፣ ሁለቱን ስታጋጥሙት የጎደለው ይወጣል።

ህጉ ምን ይላል? ሚከለክለው ነገር ብዙ ነው። የምርጫ አዋጁ ቁጥር 1162/2011 ነው፣ የመንግስት መኪናና ንብረት ለቅስቀሳ መጠቀም አይቻልም፣ ድምፅ በገንዘብ መግዛት አይቻልም፣ በ2013ቱ ምርጫ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያሉት 4 ቀናት የጥሞና ነበሩ፣ ሞንታርቦው ዝም አለ፣ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዲያስብ ነው። (ድሬ ላይ ሰው ሚያስበው ከሰአት ቁጭ ብሎ ሲቅም ስለሆነ አራት ቀን ሲበዛበት ነው።) ከዛ ሌላ አዋጅ 1185/2012 አለ፣ የጥላቻ ንግግርና ሀሰተኛ መረጃ ሚባለው። ይሄ ሀሰት ሲል ማንኛውንም ውሸት ማለቱ አይደለም፣ ሰውየው ሀሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ እየነበረበት ያሰራጨው፣ ሁከት ወይም ግጭት ሊያስነሳ ሚችል ነገር መሆን አለበት። እንግዲህ «በአንድ አመት ውሃ አስገባለሁ» ማለት ሁከት አያስነሳም፣ ቢያስነሳ ኖሮማ። ደስ ያለኝ ደግሞ ይሄው አዋጅ የጥላቻ ንግግርን ሲከለክል የኪነጥበብ ስራን ለይቶ ያስቀምጣል፣ ማለትም መጋረጃውን ህጉም ያየዋል።

ቃል አፍርሶ መገኘት ራሱ ወንጀል አይደለም። አንዳንድ ሰው ይሄ ያናድደዋል፣ እኔ ግን ባይሆን ይሻላል እላለሁ፣ ምክንያቱም የማን ቃል ውሸት የማን ቃል ያልተሳካ እቅድ እንደሆነ ሚወስነው መጨረሻ ላይ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ነው ሚሆነው፣ ያኔ ህጉ ሚይዘው ተቃዋሚን ብቻ ነው። በሱ ፋንታ ህገ መንግስቱ አንቀፅ 12 ላይ ሌላ ነገር አስቀምጧል፣ ህዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ አመኔታ ካጣ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል ይላል። በወረቀት ደስ ይላል። እኔ በእድሜዬ ከጎረቤቶቼ አንዱም ይሄን አንቀፅ ሲጠቅስ ሰምቼ አላውቅም፣ «የመረጥነው ሰውዬ የት ገባ» ሲሉ ግን በየቀኑ እሰማለሁ።

አንድ ሰው ላንሳና ልጨርስ። ከኛው ቡድን የወጣ፣ ስሙን ተዉት፣ በፊት እኛ ጋ ዳኛ ሆኖ ሚጫወት፣ ድምፁ አዳራሹን ሚሞላ ልጅ ነበር፣ በኋላ ተመርጦ ገባ። አንዴ ነዋሪ ሰብስቦ አየሁት። መብራት ጠየቁት፣ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ሰንብቷል። እሱም «መብራት ኃይል በኛ ስር አይደለም፣ እኔ ማድረግ ምችለው ደብዳቤ መፃፍ ነው፣ ፅፌያለሁ፣ መልስ አልመጣም። የቆሻሻ መኪናው ግን የኛ ነው፣ ሳምንት ሙሉ ካልመጣ እኔን ያዙኝ» አለ። አዳራሹ ጭጭ። አንድ ሰው እንኳ አላጨበጨበም፣ ከኋላ «ታዲያ ለምን መረጥንህ» ያለም ነበር። በኋላ ከዚራ ሚባለው ሰፈር ዛፎቹ ስር ሻይ እየጠጣን ጠየቅኩት፣ እንዴት ነበር አልኩት። «አቦ ያ ዝምታ!» አለኝ፣ «ቃሌን የረሳሁ ነው የመሰለኝ፣ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ የሆነ ነገር ልጨምር ምንም አልቀረኝም ነበር፣ አንድ ትራንስፎርመር በአፌ ላይ ነበር።» አልጨመረም ግን። በድጋሚ ይመረጥ እንደሆነ አላውቅም፣ እኔ ያን ሰፈር ስለማውቀው ብዙም ተስፋ የለኝም።

እኛ ደግሞ የጀሪካኑን ነገር ቴአትር አደረግነው፣ አርባ ደቂቃ ሚሆን፣ ካሜራ ማኑም አለ፣ እጩውም አለ፣ ከሰል ምታራግበዋም እናት አለች። መጀመሪያ ያሳየነው ገንደ ቆሬ ነው፣ ወንበር ከየቤቱ ወጥቶ፣ አምፖል በሽቦ ተጎትቶ። ልጅቷን በዚህኛውስ በእውነት ሙሉ ጀሪካን ትያዝ ብዬ ነበር፣ ልምምድ ላይ 20 ሊትሩን ይዛ ሶስቴ መድረኩን ስትዞር ወገቧን አማት፣ እሺ ግማሽ እናድርገው ተባባልን፣ አስር ሊትር፣ ማን ያውቃል። ትርኢቱ ተጀመረ፣ ልጅቷ ትከሻዋን ጣል አድርጋ ወጣች፣ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ከኋላ ከጨለማው ውስጥ የሴት ድምፅ፣ «ግማሽ ነው! ሲንቦጫቦጭ ይሰማል!»